የተሰፋው ኪስ

ዐረብ አገር መጀመሪያ የሠራሁበት ቤት ሺያህ የሚባል ሰፈር ነበር። የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። አሠሪዬ ማታ ሥራ ስጨርስ ፊቴ ትቆምና እጇን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ትከታለች። አንድም ቀን የእሷ የሆነ ነገር አላገኘችም፤ ቢሆንም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታሰልስ ፈትሻኛለች። እጇ ጭኔ ላይ ሲርመሰመስ ጥርሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አይ ነበር። ስለዚህ ኮንትራቴ አልቆ ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር ሌላ ቤት ስገባ፣ የሰጡኝን ሽርጥ ገና ሳልለብሰው ሁለቱንም ኪሶቹን በነጭ ክር ጥርቅም አድርጌ ሰፋኋቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። አዲሷ ማዳሜ ይህን ስታይ በጣም ደስ አላት፤ ለእንግዶቿ ሳይቀር እያሳየች ታማኝነቴን ታወራልኝ ጀመር። እኔም ምክንያቱ ሌላ ነው አላልኳትም። ሙገሳ ማን ይጠላል?

ጎረቤታችን ቤት አንዲት የወሎ ልጅ ተቀጠረች፤ ቢበዛ ሃያ ዓመቷ ነው። የሁለታችን የወጥ ቤት በረንዳ ስለሚቀራረብ ልብስ ስናሰጣ እናወራለን። የእሷ ሽርጥ ሰማያዊ ነበር፣ ከፊቱ ሁለት ሰፋፊ ኪሶች ያሉት። የልብስ መቆንጠጫው፣ ቁራሽ ዳቦው፣ የእናቷ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እኔ ግን ኪስ ስለሌለኝ መቆንጠጫዬን በጥርሴ ይዤ ነበር የማሰጣው። አንድ ቀን አፌ ሞልቶ ስታየኝ በሳቅ ፈነዳች።

"እታለም፣ ኪስሽም ጾም ይዟል እንዴ?"

ልነግራት ይገባ ነበር። "ያንቺንም ስፊው፣ እዚህ አገር ኪስ መዘዝ ነው" ማለት ምን ይከብዳል? መርፌውና ክሩ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። እኔ ግን በትንሽ ነገር ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ በዚያ ላይ ትናንት የመጣች ልጅ ስቃብኛለች። መቆንጠጫውን ከአፌ አውጥቼ "ሥራሽን ሥሪ!" አልኳት። በልቤም፣ ይድረስባትና ትየው አልኩ። በማግስቱ ኩርፊያዬ በረደ፣ ወሬያችንም ቀጠለ። ስለ ኪስ ግን አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወራት አለፉ።

አንድ ጠዋት ማዳሜ ለአስተርጓሚነት ጎረቤት ይዛኝ ሄደች። ልጅቷ ገና ዐረብኛ አልገባትም። ሳሎኑ መሀል ቆማለች፤ አሠሪዋ ደግሞ የቤቱን የውጭ በር ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀምጣለች። ቁልፉን ያገኘችው ከልጅቷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። ሲወጡ በሩን ከውጭ እየቆለፉብን ነበር የሚሄዱት፤ ስለዚህ ቁልፍ የያዘች ሠራተኛ ለመጥፋት የተዘጋጀች ናት።

"ከሚስተሩ ሱሪ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ላጥበው ስል" አለችኝ። "እንዳይጠፋ ብዬ ኪሴ ከተትኩት፣ ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰና ረሳሁት። ወላሂ፣ እታለም፣ ንገሪልኝ።"

አንዲት ቃል ሳላጎድል ነገርኩላት። ሴትዮዋ ትንሽ የተጠራጠረች መሰለች። ያኔ ማዳሜ የሽርጤን ጫፍ ሳብ አድርጋ ስፌቱን አሳየቻት።

"ይህችን እዪ፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ንጹሕ ሰው ኪስ ምን ያደርግለታል? እኔ እንኳ ሳላዛት ራሷ ናት የሰፋችው።"

"ኸላስ፣ በቃ" አለች ሴትዮዋ፣ ልጅቷን ወዳመጣላት ቢሮ ስልክ ልትደውል እየተነሣች።

ያን ጊዜ አፌ ውስጥ መቆንጠጫ አልነበረም። "የሰፋሁት ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም፣ እጃችሁ ስላስጠላኝ ነው" ማለት እችል ነበር። ዐረብኛውም አይጠፋኝም። ግን ያን ብል የእኔስ ነገር ምን ይሆናል ብዬ ፈርቼ ተውኩት።

ከቢሮው የመጣው ሰውዬ በነጠላ ጫማዋ ይዟት ሄደ፤ የት እንዳደረሳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ቢሆንም አለቅሳለሁ። ሽርጥ ባሰርኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ያን ጠዋት ሰውዬው እስኪመጣ ሽርጧን አስወልቀዋት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗን ከነጩ ክር ላይ አልነቀለችም። ማዳሜ ስፌቱን ያሳየችው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"ኪስ እንዲህ መዘዝ እንደሚያመጣ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ማዳሜ ወደ እኔ ዞራ "ምን አለችሽ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።