በማሙሸት ግብር የቀደመው ሰው

ባሌ ማሙሸት ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ሸራ መሸጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆነው። ዕቃ ገልብጦ እንከን በማውጣት የሚስተካከለው የለም፤ አከፋፋዮች ገና ሲያዩት ፊታቸው ይጠቁራል። አምና ግን ግራ ዓይኑን ሞራ ጋረደው፣ ቀኙም ተከተለ። ቡኒውን ሸራ አረንጓዴ ነው ብሎ ሲምል፣ እኔ ከኋላው ሆኜ ለደንበኛው ምልክት እሰጣለሁ። ዓይኑ ካልተሠራ ሱቁን መዝጋታችን ነበር።

"የመንግሥት ሰልፍ ውስጥ እኔን አታገኚኝም!" ብሎ ፎከረና የግል ኢንሹራንስ የምትሸጥ ልጅ አስጠራ። ሎዛ ትባላለች፤ አፏ ማር ነው። "ጋሼ፣ በእኛ ካርድ የግል ሆስፒታል ገብተው በሳምንቱ ይሠራሉ" ስትለው ደረቱን ነፋ። ቀጥላ ቅጽ አወጣች። ዕድሜ? ስድሳ አራት። ግፊት? አለ። ስኳር? ትንሽ። ዓይን? ማሙሸት "እንደ ንስር!" አለና እስክሪብቶውን ተቀብሎ፣ ቅጹን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ፈረመ።

ሎዛ ቅጹን አጠፈች። "ጋሼ ይቅርታ፣ ከመመዝገብዎ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም። ዕድሜዎም አልፏል።"

ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኩን የሰው ዕቃ ሲያጣጥል የኖረ ሰው፣ እሱም በተራው ተገላብጦ ታየና ተተወ። ሳቄን መያዝ ቢያቅተኝ መጋዘን ገባሁ።

ደግነቱ እኔ ወረዳ ሄጄ የጤና መድን አስመዝግቤያለሁ። እዚያ ስለ ዓይን የጠየቀኝ የለም፤ ፎቶ፣ መዋጮ፣ አለቀ። ያለቀው ግን ምዝገባው ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ፣ ሪፈር፣ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ቀጠሮ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ጠብታው የለም ከውጭ ግዙ። ሰባት ወር! እኔ ራሴ ተማርሬ ሎዛ ናፍቃኝ ነበር።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ማሙሸት አሥራ ሁለተኛ ሆነ። አሥራ አንደኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ይገረም! ከመሳለሚያ ሸራችንን የሚሸከምልን ጎልማሳ።

"አንተ ደግሞ በምን ከፈልክ?" አለው ማሙሸት።

"አልከፈልኩም ጋሼ። አቅም ለሌለው መንግሥት ከግብር ይከፍላል ብለው መዘገቡኝ።"

"በእኔ ግብር ነዋ የቀደምከኝ!"

ይሄኔ ነርሷ ብቅ ብላ፣ "ዛሬ የሚሠራው እስከ አሥራ አንደኛው ተራ ነው። የቀራችሁ ከሁለት ወር በኋላ" አለች።

ማሙሸት ወደ ይገረም ተጠጋ። "ተራህን ሽጥልኝ። ሁለት ሺህ። እሺ ሦስት። አምስት፣ በቃ!"

"ጋሼ፣ እርስዎ ባያዩ እትዬ ያዩልዎታል" አለ ይገረም። "እኔ ሸክም ይዤ ባላይ መኪና ነው የሚበላኝ።"

ነርሷ ተመለሰች። "ይገረም! አስታማሚህ የታለ?"

"የለኝም እህቴ።"

"ዓይንህ ታሽጎ ማን ይዞህ ሊሄድ? ያለ አስታማሚ አይሆንም። አሥራ ሁለት ይግባ!"

ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ማሙሸትን በክርኔ ጎሸም አድርጌ "ተነስ እንጂ!" አልኩት። ተነሳ። ግድግዳውን እየዳበሰ ነርሷ ጋ ደረሰና፣ "የይገረም አስታማሚ እኔ ነኝ" አለ።

ከላይ እስከ ታች አየችው። "አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ያያሉ?"

"ሚስቴ ታያለች" ብሎ በሩ ላይ ወደቆመው ጥበቃ ጠቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ግራና ቀኝ ይዤ ወጣሁ፤ አንዱ ዓይኑ ታሽጎ፣ አንዱ ለሁለት ወር ቀጠሮ ተሰጥቶት። ንዴቴ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቷል። "አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ሰባት ወር ሙሉ ጠብቀህ!" ብዬ ጮህኩበት።

"ወሰንየለሽ፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እሱን አስወጥቼ ብገባ፣ ዓይኔ ሲከፈት ነገ ጠዋት ሱቅ በር ላይ የማየው እሱኑ ነው። ምን ብዬ ነው የማየው?"

ሁለቱንም ጠበቅ አድርጌ ይዤ መንገዱን አሻገርኳቸው።