የውጫሌው ልጅ የነገረን የአውሬ ፊልም

የያዙኝ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ እየቀቀልኩ ሳለ ነው። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ገቡና አንደኛው «ና እስቲ፣ ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ» አለኝ። ምድጃውን ላጥፋ ብዬ ስጠይቀው ራሱ ጎንበስ ብሎ አጠፋልኝ። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያንኑ ሰውዬ ወባ ጥሎት ያከምኩት እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ እሱም አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ጥፋቴ ጭኑ ላይ የቆሰለ ወጣት ማከሜ ነበር። ማን እንዳቆሰለው አልጠየቅኩትም። ድሬሰር ቁስል ያጥባል እንጂ ሰው አይመረምርም ብዬ ነበር የማስበው፤ ይህን ለመርማሪው ብነግረው ሳቀብኝ።

ያስገቡኝ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ከበሩ በላይ ትንሽ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ስለነበር ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ብርሃን ይገባና ትይዩው ግድግዳ ላይ ያርፋል። የነቀዘ ማሽላ ይሸታል፣ ላብ ይሸታል፣ ጥግ ያለው ባልዲ ይሸታል። ጠዋት ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲመጣ የጭቃና የዓሣ ሽታ ይዞ ይገባል። ሌላው እስረኛ ያን ሽታ ለመሳብ በር ላይ ይጋፋል፤ እኔ ግን እጠላው ነበር። ውጭ መኖሩን ያስታውሰኛላ።

መጋዘኑ የራሱ ወግ ነበረው። ምሳ ከተበላ በኋላ ፊልም ይነገራል። ፊልም ያየ ሰው በተራው ብርሃኑ ከሚያርፍበት ግድግዳ ስር ይቀመጥና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል። ያላየውም ሰው ቦታ ይዞ ይሰማል። ከተራኪ አፍ ቃል መቀማት ነውር ነው፤ ቢሳሳትም እስኪጨርስ ዝም ይባላል።

እኔ ደግሞ በፊልም ቀልድ አላውቅም። ደሴ ሆስፒታል ስማር ቅዳሜ ከሰዓት የጃፓን የአውሬ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ነበር። የህንዱን የፈለገ ይየው፣ እኔ የምሄደው ተራራ የሚያክል ፍጡር ከባሕር ወጥቶ ከተማ ሲረግጥ ለማየት ነው። ራቴን ትቼ ትኬት የቆረጥኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ተመልካቹ ሁሌ የሚያጨበጭበው ለአውሬው ነበር፤ አንድም ቀን ለወታደሮቹ ሲጨበጨብ አልሰማሁም። ጓደኞቼ «ትልቅ ሰው ሆነህ የላስቲክ ዘንዶ ታያለህ?» እያሉ ያሾፉብኝ ስለነበር ፍቅሬን ደብቄ ነው የኖርኩት።

የኔን ብጤ ያገኘሁት እዚያ ነው። ከደሴ አስመራ ከባድ መኪና የሚነዳ ጎልማሳ ሾፌር ነበር። ጭነቱ ውስጥ እሱ የማያውቀው ወረቀት ተገኘ ተብሎ ነው የገባው። ፊልሞቹን ያየው አስመራ በጣሊያንኛ ነው፤ ጃፓኖች እርስ በርስ በጣሊያንኛ ሲሰዳደቡ ሰምቻለሁ ብሎ ይምላል። የአውሬውን ጩኸት በቆርቆሮ ኩባያ ያወጣው ነበር። ኩባያውን ደፍቶ ሲሚንቶው ላይ ሲጎትተው ጥርስ ያፋጫል፣ ጠባቂዎቹ በሩን በርግጫ ይሉታል፣ እሱ ደግሞ «ወታደሮቹ መጡ» ብሎ ይቀጥላል። እኔን ዶክተር ይለኛል። ማሾፉ ነው።

የውጫሌውን ልጅ አንድ ጠዋት ከምርመራ አምጥተው ጣሉብን። ልጅ የምለው ከእኔ ስለሚያንስ እንጂ ሱቅ የነበረው፣ አሰብ ድረስ ወርዶ ጨርቅ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ወፌ ላላ ሰቅለውት ውስጥ እግሩ ተተልትሏል። የሚጠጣ ውኃ ላይ ጨው በጥብጬ በሸሚዜ ቅዳጅ አጠብኩለት። ሲያቃጥለው እንኳ እግሩን አልሳበም። ያኔ ነው የፈራሁት፤ የሚያመው ሰው ይሳባል።

አብረውት የተያዙ ሁለት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም በየተራ «ከነዕቃህ ውጣ» ተብለው ሄደዋል። ከነዕቃው የተጠራ ሰው ተመልሶ አያውቅም። ቀጣዩ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል። አይናገርም፣ አይበላም። እናቱ ከውጫሌ በሰው የምትልክለት ስንቅ ሳይነካ ይደርቃል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን ወደ ማንም አያይም። ሽማግሌዎቹ «አብሽር፣ አላህ አለ» ይሉታል፤ አብረውን የታሰሩ አንድ ቄስም በበኩላቸው ያጽናኑታል፤ የሰማም አይመስል።

«ዶክተር» አለኝ ሾፌሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍ። «ይሄ ልጅ እንዲህ እንዳለ ከጠሩት እኮ የሚወስዱት ሬሳ ነው።»

ታዲያ ምን ላድርግ አልኩት። ቢያንስ እስኪጠሩት ድረስ ሰው ሆኖ ይቆይ፣ አፉን እናስከፍተው አለ። እንዴት እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ተራው የሾፌሩ ነበርና ስለ ቀንዳሙ አውሬ መተረክ ጀመረ። ፊልሙን እኔም ደሴ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አውሬው ወደብ ላይ ይወጣል፣ የዕቃ ማንሻውን ክሬን በቀንዱ ነቅሎ መርከብ ላይ ይወረውራል። ሾፌሩ ሁለት ጣቶቹን ግንባሩ ላይ ቀስሮ፣ አንገቱን እያወዛወዘ «በሁለቱ ቀንዶቹ መሃል ያዘውና» ሲል ከጥግ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«አንድ ነው።»

ሁላችንም ዞርን። ልጁ ነው። እንደ ተኛ፣ ጣሪያውን እያየ ነው የተናገረው።

«ቀንዱ አንድ ነው» አለ ደግሞ። ድምፁ ሻክሯል። «ግራውን ባቡሩ ሰብሮታል። ክሬኑ ጋ ሲደርስ የቀረው የቀኙ ብቻ ነው።»

በወጉ ቢሆን ሾፌሩ መቆጣት ነበረበት። እሱ ግን ጣቶቹን ከግንባሩ ላይ አውርዶ የት አየኸው አለው። ደሴ ሁለት ጊዜ፣ አሰብ አንድ ጊዜ አየሁት አለ። ሦስት ጊዜ! እውነት ለመናገር ቀናሁበት። ባቡሩን አስታውሳለሁ፤ ቀንዱን ግን ልብ አላልኩትም ነበር። «ታዲያ ተነሥተህ አንተው ንገረና» አለው ሾፌሩ፣ ኩርፊያ በሚመስል ድምፅ። ልጁ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ግማሹን እሱ፣ ግማሹን ሾፌሩ ነገሩን። ማታ እናቱ የላከችለትን ጭኮ ሾፌሩ ቆርሶ ሲያጎርሰው ዝም ብሎ ጎረሰ፤ ሁለተኛውን ራሱ ቆረሰ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከእስሬ ሁሉ የማልረሳቸው ናቸው። ደስታ አልነበረም፣ ደስታ ማለት አልችልም። በር በተከፈተ ቁጥር ሦስታችንም ቃል አፋችን ላይ ይቀራል። ጠባቂው ባልዲ ሊያስወጣ ወይም ሌላ ሰው ሊጠራ ነው የመጣው፤ ይዘጋል፤ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አውሬው ሁልጊዜ ለምንድነው ወደ ከተማ የሚሄደው? ሾፌሩ የምግብ ሽታ ስቦት ነው ይላል። ልጁ ከተኛበት የቀሰቀሱት ሰዎች ከተማ ውስጥ ስላሉ ነው ይላል። እኔ የካርቶኑን ከተማ የሠሩት እዚያ ስለሆነ ነው እላለሁ፤ ሁለቱም ይነሡብኛል። አንድ ጊዜ አውሬው ጀርባ ላይ ዚፕ አይቻለሁ ብዬ ልጁን አስቀየምኩት። «ዚፕ የለም። ሦስት ጊዜ ያየሁት እኔ አላየሁም፣ አንተ አንድ ጊዜ አይተህ ዚፕ አልከኝ» ብሎ ግማሽ ቀን አኮረፈኝ። እግሩን ላጥብለት ስል ግን «ቀስ በል፣ ያቃጥላል» አለ። አመመው ማለት ነው። እንደዚያ ቀን በሰው ሕመም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሁላችንም የበለጠ የሚያውቀው ማንም ያላያቸውን ነበር። አሰብ ጨርቅ ሊያመጣ ሲወርድ መርከበኞች በግቢ ውስጥ አንሶላ ወጥረው ፊልም ያያሉ። በየጊዜው የሚመጣው ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ነው፤ የኮሪያ ነው ይባላል፣ የሆንግ ኮንግ ነው ይባላል፣ ትርጉም የለው። እሱ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ነፋሱ አንሶላውን ሲያራግበው አውሬው የሚተነፍስ ይመስል ነበር ብሎናል። ከእነዚያ ሁሉ አንዱን አስበልጦ ይወደው ነበርና ተራው ሲደርስ እሱን እንዲነግረን ለመንነው።

በተራው ቀን፣ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ እየዳኸ ሄዶ ስሩ ተቀመጠ። የጃፓን አይደለም፣ ጽሑፉ ሌላ ነው ብሎ ጀመረ። አንድ ፍጡር ከወንዝ ይወጣል። ጎሽ ይመስላል፣ ቆዳው ግን እንደ ዛፍ ቅርፊት ነው። የሩዝ ማሳ አቋርጦ ይመጣና አንዲት ከተማ ደጃፍ ላይ ይተኛል። አይረግጥም፣ አይጮህም፣ ይተኛል። ሰዉ ይሸሻል። ወታደሮች ታንክ ይዘው ይመጣሉ። አዛዡ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። «ምን እንዳለ አላውቅም» ይላል ልጁ እዚህ ጋ ሲደርስ፤ ያልገባውን ሁሉ እንዲያ እያለ ነበር የሚያልፈው። መተኮስ ጀመሩ እንዳለ በሩ ተከፈተ።

ጠባቂው ስሙን ጠራ። «ከነዕቃህ።»

ሾፌሩ እጄን ያዘኝ፤ ጨመቀኝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ከንፈሩን በምላሱ አራሰና ጠባቂውን ቀና ብሎ አየው።

«ትንሽ ነው የቀረኝ። ልጨርስላቸው?»

ጠባቂው የዚያው የሐይቅ ልጅ ነበር። ወደ ግቢው ዞሮ አየ። «መኪናው ነዳጅ እየቀዳ ነው። ቶሎ በል» አለና ደፉ ላይ ቁጭ አለ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

ልጁ ቀጠለ። መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ በኋላ ጸና። ታንኮቹ ጥይታቸው እስኪያልቅ ተኮሱ። ፍጡሩ አልተነሣም። አዛዡ ጮኸ፣ ምን እንዳለ አላውቅም። መሸ። ወታደሮቹ እሳት አንድደው ሩዝ ቀቀሉ። አንደኛው ቆቡን አውልቆ ፍጡሩ ራስ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ፍጡሩ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየው። ወታደሩም አየው።

እዚህ ላይ ዝም አለ።

«ከዚያስ?» አለ ጠባቂው።

ሰውዬው እንደ ማንኛችንም አፉን ከፍቶ ነበር የሚሰማው። ያኔ ሁላችንም አንድ ነገር አሰብን፤ በኋላ ስንነጋገር ነው ያወቅነው። አንድ ውጊያ ቢጨምርበት፣ ከተራራው ጀርባ ሌላ አውሬ ቢያመጣበት፣ ጠባቂው ተቀምጦ ይሰማው ነበር። ለምን ያህል ጊዜ? መኪናው ጡሩምባ እስኪነፋ። ለምንም አይጠቅምም፣ ግን ለዚያች ደቂቃ እንኳ ሳሳን። በዓይኔ ለመንኩት። ዓይኔን አየ፣ ገባው።

«አለቀ» አለ።

«እንዴት ነው የሚያልቀው? አልሞተም እኮ።»

«አልሞተም። ፊልሙ ግን እዚህ ጋ ነው ያለቀው። የሌለውን አልጨምርበትም።»

ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። ልደግፈው ብሄድ እጄን ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። በዚያ እግሩ፣ ማንንም ሳይዝ፣ እስከ በሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ወደ እኛ ዞሮ «አውፍ በሉኝ» አለ፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። «አውፍ ብለንሃል፣ አንተም አውፍ በለን» አልነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። በሩ ተዘጋ። ላንድሮቨሩ ሲነሣ ሰማን፤ ወደ የት አቅጣጫ እንደሄደ ግን በድምፁ ማወቅ አልቻልንም።

«ይሄ ደግሞ ፊልም ነው?» አለ ሾፌሩ። ግንባሩን ብሎኬቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

ሾፌሩም እኔም ከተፈታን ብዙ ዘመን አለፈ፤ አሁን ሐይቅ መናኸሪያው አጠገብ ፊልም የሚያሳዩ ልጆች አሉ። አንዳንዴ ገብቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። የእስያን አውሬ ሁሉ ያውቃሉ፤ አዲሱን፣ አሮጌውን፣ ማን ማንን እንዳሸነፈ። ስለዚያ ፊልም ብጠይቃቸው በየስልካቸው ፈለጉልኝ፤ የለም። «አባባ፣ አውሬው ተኝቶ የሚያልቅ ፊልም ማን ይሠራል?» አሉኝ። የውጫሌው ልጅ አለ ካለ አለ። አልተከራከርኳቸውም።

እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። ዝም ብለን በነበረበት ብንተወው፣ ሳያመው፣ ሳይርበው፣ ምንም ሳያጓጓው ይወስዱት ነበር። እኛ ነን መልሰን ያመጣነው፤ የእናቱ ጭኮ እንዲጥመው፣ እግሩ እንዲያቃጥለው፣ በቀንድ ብዛት እንዲናደድ ያደረግነው። ሾፌሩ እስኪሞት ድረስ በተገናኘን ቁጥር «ዶክተር፣ ልጁ እኮ ራሱን ሆኖ ነው የሄደው» እያለ ሊያጽናናኝ ይሞክር ነበር። እኔ ግን መጽናናት አልቻልኩም። ሬሳ ወስደው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን አላለቅስም ነበር፤ የወሰዱት ሰው ነው።