መርዶው ያደረበት ቅዳሜ

የጓደኛዬ እናት ያረፉት አርብ ረፋድ ላይ፣ አዲስ አበባ ነው። ወንድሟ የደወለው ግን ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነበር። ወግ ነው፣ ምን ያድርግ! ሞት ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ቅርብ ላለ ሰው ሹክ ይባልና፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ቤቱ ሄዶ ያረዳዋል። «ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሁድ ጠዋት አርዷት። እስከዚያ እንዳትሰማ፣ አደራ!» አለኝና እያለቀሰ ዘጋው። እኔ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መወልወያዬን ተደግፌ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እውነት ነው።

እኔና እሷ ከከተማው ዳር፣ ሆኽስት የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተጋርተን ነበር የምንኖረው። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ሽማግሌዎቹን ስታጥብ ትዘፍንላቸዋለች፣ በአማርኛ። ሳቋ ከደረጃው በታች ይሰማል። እኔ ደግሞ ሰው «ምን ሆነሽ ነው የተቆጣሽው?» የሚለኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው። እንዲህ በጠባይ ተለያይተን አንድም ቀን ሳንጣላ አራት ክረምት ኖረናል።

ወዲያው ለእትዬ ደወልኩ። እትዬ በቤተ ክርስቲያናችን ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው ሴት ናቸው፤ በዚህ ከተማ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም።

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ ነው የምውለው? ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች» አልኳቸው።

«ፊትሽ መቼ ፈክቶ ያውቃል? ቢጠቁር ማን ይለየዋል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ስሚኝ ልጄ። ነገ በደንብ ትብላ። እሁድ ጉሮሮዋ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ለስንት ቀን እህል እንደማይወርድላት አላውቅም። አብያት፣ አጠጫት። የቀረውን ለእኛ ተዪው።»

ቅዳሜ ደግሞ ግብዣ ነበረብን። ምድር ቤት የሚኖር አንድ የሜክሲኮ ሰው አለ፤ የአባቶቻችን እኩያ ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ ባሉት የኬሚካል ፋብሪካዎች ካንቲን ያበስላል። በጋ ከገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮው ውስጥ ከሰል ያቀጣጥላል። ጓደኛዬ «ጋሽዬ» ትለዋለች፤ ትርጉሙን ሳያውቅ ለምዶት ይዞራል። የእኔና የእሱ ጀርመንኛ ቢደመር አንድ ደህና ዓረፍተ ነገር አይወጣውም፤ ግን እንግባባለን። ለዚያ ቅዳሜ ሞዬሃ እንደሚጠብስና እንደሚያስተምራት ከሳምንት በፊት ቃል ገብቶላታል። የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባችም። ምን ብዬ ላስቀራት?

ሞዬሃ የሚሉት ከወይፈን አንገት ሥር የሚወጣ እጢ ነው። እኛ ቤት በሬ ሲታረድ እጢ ይለይና ለውሻ ይወረወራል። መጀመሪያ የነገራት ቀን «በስማም! እጢ?» ብላ አማትባ ነበር። ጫፉን ብቻ ቀምሳ ከተመለሰች በኋላ ግን ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቆመች።

ቅዳሜ ጠዋት ትልቁ ጣጣዬ ስልኳ ነው። ቅዳሜ ለእናቷ የምትደውልበት ቀን ነዋ! ሻወር እስክትገባ ጠብቄ ድምፁን አጠፋሁና ሶፋው ሥር፣ ከጀርባ፣ ጥግ ድረስ ከተትኩት። ስትወጣ ትራሱን ገለበጠች፣ ቦርሳዋን ዘረገፈች፣ «ደውዪልኝ እስቲ» አለችኝ። ደወልኩ፤ ምን ይጠራል። «ኋላ ትፈልጊዋለሽ፣ ሰውዬው እየጠበቀሽ ነው» ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፤ ለምዳዋለች፣ አልጠረጠረችም።

ጓሮ ስንወርድ እጢው ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ጠዋት በሽንኩርትና በጨው ተቀቅሎ፣ ነጭ ሆኖ ትሪ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው ሽርጡን አውልቆ እሷን አስታጠቃት። ከላዩ ያለውን ስስ ሽፋን እንዴት እንደሚላጥ አሳያት፤ ሥጋው ሳይቆረስ፣ በጥፍር ጫፍ፣ ቀስ እያሉ። እሷ አጎንብሳ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ትልጣለች። «አየሽ፣ የሽማግሌ ቆዳ ላይ ፕላስተር እንደማንሳት ነው፤ ሥራዬ ነው እኮ!» ትለኛለች። እኔ ቲማቲም እቆርጣለሁ፣ ሽንኩርት እቆርጣለሁ። ሽንኩርቱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር!

ሚጥሚጣ ልታመጣ ሽቅብ ስትሮጥ ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ይሄ የሽንኩርት አይደለም» አለኝ፣ ወደ ዓይኔ እያመለከተ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ነገርኩት። እናቷ ሞታለች፣ ዛሬ ትቀበራለች፣ እሷ አታውቅም፣ ነገ ጠዋት እንነግራታለን አልኩት። መቆንጠጫውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ያልገባው መስሎኝ ደገምኩለት። ገብቶታል።

«እና ዛሬ እዚህ ሥጋ ትጥበስ?»

«እንድትበላ ነው። ነገ አትበላም» አልኩት።

«የእኔ እናት የሞተች ቀን እህቴ ደወለችልኝ» አለ። «እዚህ፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከባድ ነው። ግን ያኑ ሰዓት አወቅኩ። ሐዘኑ የእኔ ነበር።»

«የእኛ እንዲያ አይደለም» አልኩት። «በእግዚአብሔር፣ አፍህን ያዝልኝ።» ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ ሳይለይልኝ እሷ ሚጥሚጣዋን ይዛ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

ከሰሉ ነበልባሉ ወርዶ አመድ ለብሷል። ቁራጮቹን በተርታ ደረደረችው። እንዳትቸኩል፣ እንዳታገላብጥ፣ ስቡ ራሱ ወጥቶ ውጩን እስኪያደርቀው እንድትጠብቅ ነገራት። ጠርዙ እየቀላ፣ እየተንጣጣ መጣ። ሎሚ ጨመቁበት፣ ጨው በተኑበት፤ በትኩስ የበቆሎ ቂጣ አድርገው፣ የተጠበሰ ቲማቲምና ቃሪያ የተወቀጠበትን ዳጣ መሳይ ነገር፣ የድንብላል ቅጠልም ላዩ ላይ ጣል አደረጉበት። እሷ ሚጥሚጣዋን ከዚያ ሁሉ በላይ ነሰነሰች። ሰውዬው ቀምሶ ሲያስለው ከሳቋ የተነሳ ወንበር ላይ ተዘረጋች።

ከዚያ ጎረሰች። አንዴ አኘከችው። ዓይኗ ሲሰፋ አየሁት።

«አንቺ፣» አለችኝ፣ «ይሄ እኮ ጥርስ አያስፈልገውም።»

ምን ልትል እንደሆነ ቀድሜ ገባኝ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

«እማዬ ሥጋ ካኘከች ስንት ዘመኗ! መረቁን ብቻ ነው የምትጠጣው። ሰው ጥሬ ሲቆርጥ ቁጭ ብላ አፍ አፉን ታያለች፣ ታሳዝነኛለች። ይሄን ግን ትበላዋለች። በድዷ ትበላዋለች! መስከረም ስገባ ቄራ ሄጄ አስለያለሁ፤ የሚጣል ነገር አይደል፣ እንዲያውም ያመሰግኑኛል። ጓሮ ከሰል አቀጣጥላለሁ። ትበላዋለች አይደል?»

«ትበላዋለች» አልኳት።

ለጋሽዬዋ በጀርመንኛ መልሳ አስረዳችው፤ ድዷን በጣቷ እያሳየች፣ የእናቷን አስተኛነክ እያስመሰለች። ሰውዬው ጭሱ የገባበት መስሎ ፊቱን አዞረ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ እውነቴን ነው። የእትዬ ድምፅ መጣብኝና ዘጋሁት።

«አሁኑኑ ልንገራት። ስልክሽን» አለች እጇን ዘርግታ።

«ካርድ የለኝም።»

«አንቺ መቼ ካርድ ኖሮሽ ያውቃል!» ብላ ስትነሳ፣ ሰውዬው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። የሚያየው ግን እኔን ነበር። ዓይኔን አፈጠጥኩበት፣ ለመንኩት፣ ዘለፍኩት፣ ሁሉንም በዓይኔ። እጁን አልሰበሰበም። የእናቷን ቤት ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። እኔም እንድሰማ ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችውና በእኔና በእሷ መሀል አስቀመጠችው።

ጠራ። ዶሮና ድንች የተሸከመ አንድ ቤተሰብ በአጠገባችን አልፎ ጎረቤት ጓሮ ገባ። ጠራ። ማን ያነሳዋል? ሰፈሩ በሙሉ ሬሳ ሊሸኝ ወጥቷል፤ ሰዓቱ ያ ሰዓት ነው። እስኪቋረጥ ጠራ።

«ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነው» አለች።

«አዎ፣ እዚያ ናት» አልኳት።

ያን ቀን ስለ እናቷ ካልኳት ሁሉ ውሸት ያልነበረው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አጎርሳት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ጉርሻ ሲበዛ ደግሞ ሌላ። «ኧረ በቃኝ! በግ ነኝ እንዴ የምታደልቢኝ?» እያለች፣ እየሳቀች በላች። ሰውዬው ከሳህኑ ላይ እያነሳ ወደ ሳህኗ ያስተላልፋል፤ እሱ ከዚያች ቅምሻ ሌላ ምንም አልበላም።

ማታ ስልኳን ፈልጋ አጥታ ተኛች። እሁድ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ እሷ ናት የከፈተችው፣ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች። እትዬ ከፊት፣ ጥቁር ለብሰው፤ ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። የአገሯ ወግ አይደል፣ ገባት። እሷ ግን ወደ እነሱ አይደለም ያየችው፤ ዞራ እኔን አየችኝ። «አንቺ!» አለች፣ ያችኑ ብቻ። ከዚያ እትዬ ያዟት።

ልቅሶው ሕንፃውን ሞላው። ላይኛው ፎቅ ያለችው ጀርመን ደንግጣ ፖሊስ ልትጠራ ስትል ሰውዬው ደረጃው ላይ አስረድቶ መለሳት። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ከወንዶቹ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ እስኪመሽ አልተነሳም። እትዬ እንዳሉት ሆነ፤ ያን ቀንም በማግሥቱም ከውሃ በቀር የወረደላት የለም። ወግ ትክክል ነው አልኩ በልቤ። እንኳን በላች አልኩ።

በሰልስቱ ሰው ሲጎድል ጠራችኝ። ድምፅ አልነበራትም፣ አልቆ ነበር።

«መቼ ተቀበረች?»

«ቅዳሜ።»

«ስንት ሰዓት?»

ዘጠኝ ሰዓት አልኳት። በጣቷ ቆጠረች፣ የእዚህንና የእዚያን ሰዓት አስተያየች። ስትደርስበት አየኋት፤ ፊቷ እንዳለ ወረደ።

«እኔ ስደውል አፈር እየለበሰች ነበር» አለች። «አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ፣ ታውቂያለሽ። ‹እዚያ ናት› አልሽኝ።»

«ምን ላድርግ? ከከሰሉ ሥር ስትወድቂ ልይሽ? ለእናትሽ ቀብር አትደርሺ፣ ከሁለት ያጣሽ ልትሆኚ?»

«ልውደቅ! እናቴ ናት፣ እወድቃለሁ! እናቱ እየተቀበረች ሲስቅ የዋለ ሰው ታውቂያለሽ? በድዷ ስታኝክ እያስመሰልኩ! ድዷን በጣቴ እያሳየሁ፣ አንቺ እያየሽኝ!»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ክንዴን ያዘችኝ እንጂ አልመታችኝም። «ደሴ የቀረው አባቴ አለ» አለች። «ሽማግሌ ነው፣ ዛሬ ነገ ነው። ሲደውሉልሽ፣ መቼም ለአንቺ ነው የሚደውሉት፣ ያኑ ደቂቃ ትነግሪኛለሽ። ሽማግሌ አትሰበስቢም። እሁድ አትጠብቂም። በማርያም ማይልኝ።» ማልኩላት። እትዬ ሰምተው ነበር፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ከዚያ በኋላ አብረን ብዙ አልቆየንም። ተጣላን ማለት አይደለም። ለመስከረም የቆረጠችውን ቲኬት ለአርባው አድርሳ ሄደች፤ ስትመለስ ቦርንሃይም የሚባል ሌላ ሰፈር ቤት አገኘች፣ አግብታ ወለደች። በበዓል እንጠያየቃለን፣ ልጇ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። እሷ ግን እኔ ፊት ስትስቅ፣ መሀል ላይ ገታ ታደርግና ፊቴን ታየኛለች። ትፈትሸኛለች። ለዓመታት እንዲያ ነበርን።

ወንድሟ እንደገና የደወለልኝ አንድ የሥራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ድምፁን ስሰማው አወቅኩ። «አባባ…» አለ፤ «ለእሷ እንግዲህ እንደ ያኔው፣ ሽማግሌ ይዛችሁ…» እሺም እምቢም ሳልለው ዘጋሁት። ኤርፖርቱ ውስጥ የዕረፍት ክፍላችን ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። የምላትን በልቤ ደጋግሜ አሰናዳሁ፤ አጭር ነው፣ አባትሽ ዐረፉ፣ ገና አሁን ነው፣ ምንም አላስቀረሁብሽም። ለእትዬ አልደወልኩም። የእሷን ቁጥር ነካሁ።

«ወይዬ» ብላ አነሳች። ከኋላዋ የልጇ ድምፅ ይሰማል፣ ሳህን ይንኳኳል። ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ምሳ በልተሻል?» አልኳት።

ሳህኑ መንኳኳቱን አቆመ። ለልጇ ቀስ ብላ በጀርመንኛ የሆነ ነገር ስትላት፣ ከዚያ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«አልበላሁም» አለችኝ። «ንገሪኝ።»

ነገርኳት።