አንድ እግር ነጠላ ጫማ

ባለፈው ክረምት ካዛንቺስ፣ አክስቴ በር ላይ ቆሜ ልጄ ሩት ከጓሮ ስትመጣ ሰማኋት። ጠፍ ይላል፣ ከዚያ ዝም፤ ጠፍ፣ ዝም። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሯ ትራመዳለች፣ አላወቀችም። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነበር።

እናቴ ሞታ ያሳደገችኝ ይህችው አክስቴ፣ የአባቴ እህት ናት። ዶሮ ታረባ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለልጇ ለዳዊት እንቁላል ትጠብስለትና፣ ሽታው አፍንጫዬ ሥር እየዞረ እኔ ዳቦዬን በሻይ እያራስኩ እውጥ ነበር። «እሱ ተማሪ ነው፤ አንቺን ምን ያደርግልሻል?» ትለኝ ነበር። እኔም ተማሪ ነበርኩ፤ ግን መስከረም የተማርኩትን ኅዳር ላይ እረሳው ነበር፤ ምላሴ ቀልቶ ያቃጥለኛል፣ እግሬም የሌላ ሰው እግር ይመስል ይደነዝዛል። ክረምት ገብቶ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሲቀር የሰፈሩ ልጆች «ጫማሽ ደክሞት ቀርቷል፣ ጠብቂው እንጂ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አስተማሪው ደደብ አለኝ፤ አክስቴም በቃ ብላ ከአራተኛ ክፍል አስወጣችኝ።

ታዲያ ልጄን ለምን ሰጠኋት? ደምበል አካባቢ ሆቴል ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ፣ ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነው። ግን እንቁላልና ወተቱን በእጄ አመጣላት ነበር።

«የማመጣው እንቁላልስ?» አልኳት አክስቴን ያን ቀን፣ በሯ ላይ እንደቆምኩ።

«ለዳዊት ልጅ ነዋ፣ ዘንድሮ ፈተና አለበት። ሴት ልጅን ምን ያደርግላታል?»

ልጄን አዝዬ ወጥቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ እግሯን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ፣ ደሟንም አስመርምሮ፣ እንቁላልና ወተት ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት አንሷታል አለኝ፤ እሱ ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፣ ትምህርትም አልገባ ይላል። «በጊዜ አምጥተሻታል፤ ትድናለች» ሲለኝ አለቀስኩ። ለልጄ ብቻ አልነበረም። እኔን በጊዜ ያመጣኝ ሰው አልነበረም።

ሥራዬን ወደ ቀን አስቀይሬ ላንቻ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ልጄ የቫይታሚኑን መርፌ ስትወጋ ከረመች። ባለፈው እሁድ አክስቴ ልትጠይቀን መጣች። ፊት ለፊቷ ለልጄ ሁለት እንቁላል ጠበስኩ፤ ለእሷ ዳቦና ሻይ አቀረብኩ።

«ለእኔስ?» አለች፣ መጥበሻውን እያየች።

«እርስዎን ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ?»

ዳቦዋን በሻይ እያራሰች እስክትጨርስ ቁጭ ብዬ አየኋት። ሩት በልታ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ጠፍ ጠፍ፣ ጠፍ ጠፍ፣ ሁለቱም እግር። የእኔ እግር ዛሬም ደንዝዟል፤ ለእሱ አክስቴን ይቅር አልላትም። ልጄ ግን ድናለች። አሁን ደህና ነን።