የጠፋው ሞተር

ኬሌቦኔ በኦካቫንጎ ረግረግ መሀል ባለች አንዲት የእንግዶች ማረፊያ አሥራ አንድ ዓመት አውሮፕላን ተቀብላለች። ሥራዋ ሚዳቋዎቹን ከመንደርደሪያው ማባረርና የሚወርዱትን እንግዶች በጅራት በኩል አዙሮ ማውጣት ነው። ሞተር እየሠራ ወደ ፊት፣ ወደሚሽከረከረው ፕሮፔለር የሚራመድ ሰው ካየች አትምረውም።

የማረፊያው ሾፌር ጋኦላትሌ፣ እንደ አገሩ ወግ «ማ»፣ እናት፣ እያለ በዚህ ይቀልድባታል። «ማ ኬሌቦኔ፣ አንቺ እኮ ቤትሽ ያለውንም ማራገቢያ ዞረሽ ነው የምታልፊው።»

«ብዞርስ? ያለኝ አንድ ጭንቅላት ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከማውን ከተማ የመጣች ትንሽ አውሮፕላን አራት እንግዶች አወረደች። ወጣቱ ፓይለት ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ሻንጣ ሊያወርድ ወደ ኋላ ሄደ። ጋኦላትሌ እንደ ልማዱ ፕሮፔለሩ ላይ የተለጠፉትን ነፍሳት በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ጀመረ። ኬሌቦኔ አይታው ዝም አለች፤ የጠፋ ሞተር ነዋ። የላይኛው ጫፍ አልደረስልህ ሲለው ዝቅ ሊያደርገው በእጁ ሳበው።

ሞተሩ አንዴ ጓ አለ። ፕሮፔለሩ ግማሽ ዙር ተወርውሮ ቆመ።

ጋኦላትሌ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ ጣቶቹ የት እንዳሉ አይለይም፣ ደሙ በክርኑ ይወርዳል። «ጠፍቷል እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለሰው እንደሚያስረዳ።

ኬሌቦኔ ሻሿን ፈታ ክንዱን ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ፓይለቱ ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ «ይኸው፣ እኔ ጋ ነው፣ ይኸው» ይላል።

«አየሁት፣ ልጄ። አሁን አስነሳውና ሆስፒታል አድርሰን።»

ሌላ አውሮፕላን አልነበረም። ማውን እስኪደርሱ ጋኦላትሌን ደግፋ ይዛ፣ ዓይኗን ከዚያ ፕሮፔለር ላይ መንቀል አቃታት። ሲዞር ጭራሽ አይታይም፤ ሰማዩ ብቻ ነው የሚታየው።

ማታ ላይ እዚያው ማውን የአውሮፕላኑ መካኒክ ከማስነሻው ጀርባ የተበጠሰች ቀጭን ሽቦ አሳያት። «ቁልፉ አጥፍቻለሁ ይላል፣ ሞተሩ ግን አልሰማም፤ ይህች ሽቦ ከተበጠሰች ብልጭታው አይቋረጥም። ፓይለቱ የሚያቆመው ነዳጁን ዘግቶ ነው። ውስጡ ጠብታ ከቀረች፣ በእጅ ሲያዞሩት ይነሳል።»

«መቼ ነው የተበጠሰው?»

«ማን ያውቃል? ሳምንትም ወርም ይሆናል።»

ባዶ በርሜል ላይ ቁጭ አለች። ባለፈው ሳምንት የእንግዶችን ልጆች እዚያው ፕሮፔለር ላይ እጃቸውን አስጭና ፎቶ አንስታቸው ነበር።

ሐኪሞቹ የጋኦላትሌን እጅ አተረፉት፤ ሦስት ጣቶቹን ግን አጣ። ልትጠይቀው ስትሄድ «አይቼህ ዝም አልኩ» አለችው።

«እኔም ብሆን ዝም እል ነበር፣ ማ።»

መልሱ አላጽናናትም። ዛሬ ዛሬ የቆመ ፕሮፔለር አጠገብ ሰው ካየች፣ ለሚዞረው ከምትጮኸው የባሰ ትጮኻለች። አዳዲስ ፓይለቶች ይስቁባታል። ጋኦላትሌ ግን መኪናውን በግራ እጁ እየነዳ ሲመጣ፣ ከአውሮፕላኑ በጣም ራቅ ብሎ ያቆማል።