አራት እባብ በአንድ መስታወት ቤት

ዙቤይዳ እባብ አትፈራም ነበር። ይህን ስል ደፋር ነበረች ማለቴ አይደለም። መብረቅ ትፈራለች፣ ጅብ ትፈራለች፣ የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳን ትፈራለች። እባብን ግን ከልጅነቷ ለምዳዋለች። የትውልድ ከተማዋ የቡ አጠገብ ቡና ሲለቀም እባብ ታየ ከተባለ ሰዉ ቅርጫቱን እየጣለ ይሮጣል፤ አባቷ ግን እሷን ጠርተው በባላ እንጨት አንገቱን ቀስ ብሎ መያዝን ያሳዩዋት ነበር። የትኛው መርዝ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

እኔና እሷ የተዋወቅነው ከጅማ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የግል መናፈሻ ውስጥ ነው። እኔ በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ፤ እሷ እባቦቹን ትጠብቃለች። ባለቤቱ አቶ ወልደሰማያት ከሸዋ መጥተው ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። በመናፈሻው ሻይና ጭማቂ ይሸጣል፤ ሁለት ጦጣና አንድ ኤሊ አለ፤ ከጓሮ ባለችው ክፍል ደግሞ አራት እባብ።

እባቦቹ መርዝ የሌላቸው፣ ቡናማ፣ አይጥ በል ናቸው። ዙቤይዳ ከፈረሰ ጎተራ ሥር ካገኘቻቸው እንቁላሎች አስፈልፍላ ያሳደገቻቸው ስለሆኑ አራቱም የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ፊቱ መስታወት የሆነ የየራሳቸው የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። በየሣጥኑ አንድ አምፖል፣ አንድ የውሃ ሳህን፣ መደበቂያ የምትሆን የተሰበረ ገንቦ። ከአራቱ አንዷ ገዝፋ የክንድ ውፍረት ሊኖራት ምንም አልቀራት፤ ትንሿ ደግሞ ከጣት አትወፍርም።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ፣ አቶ ወልደሰማያት ጄኔሬተር ገዙና የእንግሊዝ ኳስ በዲኤስቲቪ ሊያሳዩ ተነሡ። ቦታ ጠፋ። የእባቦቹን ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈሉት። ከዚያ ከአንድ የተዘጋ ኬክ ቤት ትልቅ የመስታወት ሣጥን አስመጥተው ዙቤይዳን ጠሯት።

«አራቱንም እዚህ አግቢያቸው» አሉ።

«አይሆንም ጋሼ። እባብ ብቻውን ነው የሚኖር።»

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። እነሱ ግን ይህን አያውቁም። አይጥ ሲሸታቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ምግብ ነው የሚመስላቸው። ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት።»

«ሰፊ ነው እኮ! እኛ ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል ነው ያደግነው።»

እሷም ወጣች። ሻይ ቤቱ ጀርባ ተቀምጣ ሻርፗን እየጠመዘዘች «እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ሰው አይደሉም እኮ!» አለችኝ። እኔ ራሴ ያን ቀን የአቶ ወልደሰማያት ነገር ይበልጥ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ።

በማግስቱ በእግሯ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ የሥነ ሕይወት መምህሩን ዶክተር አብነትን አገኘቻቸው። አልፎ አልፎ ተማሪ ይዘው እየመጡ እባቦቹን ያሳዩ ስለነበር ያውቋታል። «ልክ ነሽ» አሏት፤ ደብዳቤም ጻፉላት። በምግብ እንደሚሻሙ፣ አንዱ ቢታመም ሁሉም እንደሚታመሙ፣ ትልቁ ትንሹን ሊውጥ እንደሚችል ዘርዝረው፣ «ስለዚህ በአንድ ቤት ማኖር አይመከርም» ብለው ፈረሙ። ዙቤይዳ ደብዳቤውን እንደ ቁርዓን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

አቶ ወልደሰማያት መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፉ።

«‹አይመከርም› ነው ያሉት» አሉ። «‹አይቻልም› አላሉም። እኔ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሳነብ ነው የኖርኩት።»

በዚያው ሳምንት አራቱ እባቦች መስታወቱ ውስጥ ገቡ።

አንድ ወር ከግማሽ ምንም አልሆነም። ይህ ነው ዙቤይዳን ያቃጠላት። እባቦቹ ያለችው አንዲት አምፖል ሥር ተደራርበው ይተኛሉ፤ እንግዳው ያያቸውና «አቤት ሲዋደዱ!» ይላል፤ አቶ ወልደሰማያትም «አየሽ?» ይሏታል። «ሙቀት እየተሻሙ ነው ጋሼ፤ ያለው አንድ አምፖል ነው» ትላለች። ማንም አይሰማትም። ትንሿ እባብ ከታች ተጨፍልቃ፣ ወይ ጥግ ላይ ከሳህኑ ሥር ተወሽቃ ነበር የምትውለው።

ሰላሙን ያመጣው ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ መናፈሻው ሳይከፈት፣ ዙቤይዳ እባቦቹን አንድ በአንድ አውጥታ በአራት ባልዲ ውስጥ ታስገባለች። ለየብቻ ታበላቸዋለች፤ ክዳን ገጥማ ድንጋይ ትጭንበታለች። አይጡ ሆዳቸው ውስጥ እስኪረጋ፣ ጠረኑም እስኪለቅ ትጠብቅና ትመልሳቸዋለች። እጇ በንክሻ ተጫጭሯል። ይህን ሁሉ ባታደርግ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጉዱ ይወጣ ነበር።

«ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«ነገርኳቸው። ‹በባልዲ ብታበያቸውም መስታወቱ ውስጥ ያው ተስማምተው ኖረዋል› አሉኝ። ማል ጎና? ምን ላድርግ?»

በሚያዝያ የአጎቷ ሞት ተሰማና ለሐዘን የቡ ሄደች። ከመሄዷ በፊት አቶ ወልደሰማያትን ፊት ለፊታቸው ቆማ ለመነቻቸው። «እስክመለስ ምንም አይብሉ። እባብ ሁለት ሳምንት ቢጾም አይሞትም። ወላሂ፣ ምንም እንዳይሰጧቸው።» «እሺ» አሏት።

እሑድ ከሰዓት ትልቅ ጨዋታ ነበር። ግቢው በሰው ጢም አለ። ኳሱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀር መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር አቶ ወልደሰማያት ተጨነቁና «እስከዚያ እባብ ሲበላ እዩ!» ብለው ሁለት አይጥ በመቆንጠጫ ይዘው ገቡ። እኔም በሩን ትቼ ተከተልኳቸው።

የመጀመሪያውን አይጥ አንዱ እባብ ወዲያው ወሰደው። ሁለተኛውን ትልቋ በጭንቅላቱ ያዘችው። ያቺ ጥግ ላይ የምትውለው ትንሿም ርቧት ኖሮ ብድግ ብላ በጅራቱ በኩል ያዘችው። ሰዉ ሳቀ፤ አጨበጨበ። ሁለቱም መዋጥ ጀመሩ። መሐል ላይ ሲገናኙ ትልቋ አላቆመችም። አይጡን እየዋጠች የትንሿን አፍ፣ ቀጥሎም ጭንቅላቷን ዋጠች። አንዲት ሴት ጮኸች። እኔ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ያድርጉ!» አልኳቸው። መቆንጠጫውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ያን ጊዜ መብራት መጣና ሰዉ ወደ ኳሱ ሮጠ።

ዙቤይዳ ማክሰኞ ስትመጣ መስታወቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ነበሩ። አቶ ወልደሰማያት ገና ሳትጠይቃቸው «አንዷ አምልጣለች። ክዳኑን ሳትገጥሚው ሄደሽ ነው» አሏት።

እኔ ላይ ዐይኗን ጣለች። የሆነውን በሙሉ እሳቸው እየሰሙ ነገርኳት። ለሥራዬ ፈርቼ ነበር፤ ቢሆንም ነገርኳት። ዙቤይዳ አልጮኸችም። ትልቋ እባብ አጠገብ ተንበርክካ ያበጠውን ሆዷን እያየች ቆየችና «አላመለጠችም ጋሼ። እዚህ ናት» አለች።

እሳቸው ግን አመለጠች ማለታቸውን አልተዉም። እንዲያውም «እባብ አመለጠ» የሚለው ወሬ ከግቢው ወጥቶ ጎረቤት ተሸበረ። ቀበሌው ሁለት ሰው ላከ፤ ሣሩ ታጨደ፣ የጓሮው ጉድጓድ በጋዝ ተቃጠለ። ዙቤይዳ ለመጣው ሁሉ «የሚፈለግ እባብ የለም፤ እዚህ ሆድ ውስጥ ነው ያለው» እያለች ዋለች። አንደኛው የቀበሌ ሰው «ማስረጃ አለሽ?» አላት።

ሐሙስ ጠዋት ትልቋ እባብ የዋጠችውን መልሳ ተፋችው። የትንሿ ሬሳ ከነአይጡ መስታወቱ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ዙቤይዳ አቶ ወልደሰማያትን ጠርታ አሳየቻቸው። እሳቸው አዩትና «ታዲያ በደንብ አጥብቀሽ መናገር ነበረብሽ» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለእባቧ አልነበረም። «ከዚህ በላይ አጥብቄ እንዴት ልናገር ኮንጂት?» እያለች ነበር፤ ስሜ ቆንጂት ነው፣ ስትበሳጭ ግን አፏ ላይ እንዲህ ይሆናል።

ወሬው እንግዳ ስላራቀባቸው አቶ ወልደሰማያት የእባቡን ክፍል ጨርሰው ዘጉት። ሦስቱን እባቦች ዶክተር አብነት ወደ ዩኒቨርሲቲው ወሰዷቸው፤ ለየራሳቸው ሣጥንም አሠሩላቸው። ዙቤይዳንም እዚያው በጠባቂነት ሊያስቀጥሯት ሞክረው ነበር፤ መደቡ ግን አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀ ይጠይቃል፣ እሷ ደግሞ ስድስተኛ ላይ ነው ያቆመችው። አቶ ወልደሰማያት ብርጭቆ እንድታጥብ ቦታ ሰጧት። ሦስት ቀን አጥባ ተወችው።

አሁን ጅማ ውስጥ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ቡና ታበጥራለች። ባለፈው አግኝቻት እባቦቹን ሄዳ አይታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አንድ ቀን ሄጄ ነበር» አለች። «የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ‹መታወቂያ አሳዪ› አለኝ፤ አልያዝኩም። ሌላ ቀን የቀበሌ መታወቂያዬን ይዤ ሄድኩ፤ ‹ደብዳቤ አለሽ?› አለኝ።» ሣቋ መጣባትና አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «ደብዳቤ ሲለኝ ዞሬ መጣሁ።»