የካውያ ጀርመንኛ፣ የጎመን አርመንኛ

እርጥብ ካኪ በከሰል ካውያ ሲነካ የሚያወጣው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ነፋስ ስልክ፣ እናቴ ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል እትዬ አማከለች ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ዩኒፎርሜን ሲተኩሱልኝ ፍሙን እፍ ይሉና “አይንስ፣ ጽቫይ፣ ድራይ…” እያሉ ካውያውን ይገፉታል። እኔ በልጅ ልቤ፣ ካውያው ካልተደገመለት አይሄድም ብዬ አምን ነበር። በጀርመንኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መቁጠራቸው መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ዛሬ እትዬ አማከለች ጎፋ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ይተኩሳሉ። ካውያው የኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ጸጉራቸውም ነጥቷል። ሸሚዜን ቤቴ መተኮስ አያቅተኝም። ግን ለወሬው ስል እወስድላቸዋለሁ።

በልጅነታቸው ከአገር ቤት መጥተው መጀመሪያ የተቀጠሩት ፒያሳ፣ ከአንድ የአርመን ቤተሰብ ዘንድ ነው። እመቤቲቱ ማዳም ሃስሚግ ወጥ ቤት አጠገቧ አስቀምጣ፣ የወይን ቅጠል በሩዝና በሥጋ እያስጠቀለለች በአርመንኛ አፋቸውን አስፈታቻቸው። አርመኖቹ ንብረታቸው ተወርሶ አገር ሲለቁ፣ እትዬ አማከለች አሮጌው ኤርፖርት ከሚኖር አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ቤት ገቡ። እዚያ ሥራቸው ልብስ ብቻ ነበር። ሚስትየዋ ፍራው ሄልጋ ወንበር ስባ ከካውያው ጎን ትቀመጥና የባጡን የቆጡን ታወራቸዋለች። በዚያው ለመዱት።

ሁለቱን ቋንቋዎች ያነጻጽሩልኝ ዘንድ ስጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል።

“ጀርመን ሁሉን ነገር ወንድና ሴት ብሎ ይለያል” አሉኝ አንድ ቀን። “ማንኪያ ወንድ ነው፣ ሹካ ሴት ናት። ቢላዋ ደግሞ ከሁለቱም የለበትም።”

“አርመንስ?”

“አርመን ግድ የለውም። ማዳም ባሏንም፣ እናቷንም፣ ድመቷንም ‘አን’ ነበር የምትላቸው። ‘አን መጣ’ ስትለኝ፣ በሩን እስክከፍት ጌታዬ ይሁኑ ድመቷ በምን ልወቅ?”

“ሌላስ?”

“አንተ ደግሞ መጠየቅ አይታክትህም! ‘ዳቦ’ን ‘ዳቦው’ ለማለት አርመን እንደኛው ነው፤ ከጅራቱ ላይ ትንሽ ድምፅ ይቀጥልበታል። ጀርመን ግን ከፊት ነው የሚያስቀድመው። ዘበኛ ሳያቆም ዳቦ እንኳ አያስገባም።”

በድሮው የትምህርት መጽሐፋችን ቋንቋዎች እንደ ዛፍ ተሥለው ነበር። ሁለቱ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ብነግራቸው፣ “ታዲያ ዘመዳሞች ከሆኑ ለምን አይተዋወቁም?” አሉኝ።

ዘንድሮ ሀኒፋ የምትባል ወጣት ጀርመንኛ ፍለጋ ወደ ሱቋ መጣች። የሀና ማርያም ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው ጨርቅ ይሸጣሉ። ባሏ አናስ በተጋቡ በዓመቱ ጀርመን አገር ሄዶ አውቶቡስ ይነዳል። እሷ እንድትከተለው የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ አለባት። አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ የጣላት መናገሩ ነው። አናስ ደግሞ፣ “አሁንም ካልሆነ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ፤ ሚስት ያለው ላጤ ሆኜ አልኖርም” ብሏታል።

“መጥቶ ምን ሊሠራ?” ትላለች ሀኒፋ። “ያንን ሥራ እስኪያገኝ ያየውን አሏህ ነው የሚያውቀው። በእኔ ምላስ የተነሣ ይጣለው?”

እናም ከጀርመንኛ ትምህርት ቤቷ መልስ በየቀኑ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ማዶ ቆማ ከእትዬ አማከለች ጋር ታወራ ጀመር። “እጄ ካልሠራ አፌ አይፈታም” የሚሉት ነገር አላቸው፤ ስለዚህ እሳቸው እየተኮሱ፣ እሷ እየመለሰች። ጥሩ ሄደ። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ካውያው ሲቀዘቅዝ እትዬ አማከለች እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ስለማይሆንላቸው፣ ለእራት የሚሆን ጥቅል ጎመን ማዳም እንዳስተማረቻቸው በሩዝ እየጠቀለሉ ትምህርቱን ቀጠሉ። ውሃ፣ ጨው፣ ዳቦ፤ የገበታውን ቃል ሁሉ ሀኒፋ እንደ ቁርአን ቤት ልጅ በቃሏ ያዘች።

ሰኞ ዕለት ሸሚዜን ልወስድ ሄጄ እዚያው ሳለሁ፣ ሀኒፋ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ገባች። መብራት መጥቶ ነበር።

“እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ!”

“ምነው ልጄ?”

“ጨው ጠይቂ ቢሉኝ ‘አግ’ አልኩ። ውሃ ቢሉኝ ‘ቹር’ አልኩ። አስተማሪው ‘ይሄ ደግሞ የየት አገር ጀርመንኛ ነው?’ አለኝ።”

“ምን አልሽው?”

“የጎፋ!”

የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፈተናው ሐሙስ ነው።

“ጨው ‘አግ’ አይደል እንዴ?” አሉ እትዬ አማከለች፣ ግራ ተጋብተው።

አንድ ነገር ጠረጠርሁ። “እስቲ ካውያውን ይያዙና ውሃን በጀርመንኛ ይበሉልኝ” አልኳቸው።

ያዙ። “ቫሰር።”

ከዘንቢላቸው አንድ የጎመን ቅጠል አንሥቼ በካውያው ምትክ ሰጠኋቸው። “አሁንስ?”

“ቹር…” አሉና ቅጠሉን እባብ እንደ ነካ ሰው ወረወሩት። “በስመ አብ!”

ደግመን ሞከርን። ጨው በካውያ ‘ዛልጽ’፣ በጎመን ‘አግ’። ዳቦ በካውያ ‘ብሮት’፣ በጎመን ‘ሃትስ’። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ቋንቋዎች በእጃቸው ውስጥ ተከፋፍለው ሲኖሩ እሳቸው እንኳ አያውቁም። የሚቀራረብ ያገኘነው አንድ ነው፤ በር በካውያ ‘ቲውር’፣ በጎመን ‘ቱር’።

“አዩ፣ የሚገናኙት በሩ ላይ ነው!” አልሁ በደስታ።

“አንተ ተፈላሰፍ። ልጅቷ ፈተና አለባት።”

ሀኒፋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። “አሁን የቱን ነው የማምነው?”

“ካውያ ይዤ ያልኩሽን ብቻ። እስከ ሐሙስ እዚህ ቤት ጎመን አይገባም።”

በማግሥቱ ያበላሹትን ቃል ሁሉ እየተኮሱ አደሱላት። ዝም ማለት አቃተኝና፣ “መሰነባበቻውስ?” ብዬ ገባሁባቸው።

“በካውያው ‘አውፍ ቪደርዜን’። በጎመኑ…” ጎመን ስለሌለ ጣታቸውን በባዶው ጠቀለሉ፤ “‘ጽቴሱትዩን’።”

“ትርጉሙ?”

“ሁለቱም ያው ነው። እስክንተያይ።” የእጅጌውን ጫፍ አቃኑ። “ሁለቱም ቤት እንዲያ ብለውኝ ነው የሄዱት። እስካሁን አልተያየንም።” ካውያውን ገፉት።

ሐሙስ ማለዳ ሀኒፋ ለፈተናው የምትለብሰውን አባያ ይዛ ስትመጣ መብራት እልም አለ።

“ዛሬ? ዛሬውኑ?” አለች።

እትዬ አማከለች ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አቧራ የለበሰውን የከሰል ካውያ ጎትተው አወጡ። እኔ ከጎረቤት ምግብ ቤት ፍም ለምኜ መጣሁ። እፍ አሉበት። ውሃ የተረጨው ጨርቅ ሲነካ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እሳቸውም መጠየቅ ጀመሩ። ስምሽ? የት ትኖሪያለሽ? ባልሽ ምን ይሠራል? ሀኒፋ በጀርመንኛ ሳትደናቀፍ መለሰች።

“ጨው?”

“ዛልጽ።”

“ውሃ?”

“ቫሰር።”

“‘አግ’ስ ምንድን ነው?” አሉ፣ ሊያጠምዷት።

“እሱን ጎመኑን ይጠይቁት!”

እትዬ አማከለች ካውያውን አስቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። ሀኒፋ ግን አልሳቀችም። አባያውን ገና ሳይበርድ ደረበች፣ ሻርፏን አስተካከለች፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ይቅናሽ ልላት አፌን ስከፍት፣ እትዬ አማከለች ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

“ዝም በል፤ ቃሉ እንዳይፈስባት።”

ሀኒፋ እኛንም ቀና ብላ ሳታይ፣ ደህና ዋሉም ሳትል፣ እስከ አፉ የሞላ እንስራ እንደ ተሸከመ ሰው ቀስ ብላ ወጣች።